ከካርቶን ወደ ድሪቶ፦ ቤት የማያጣብብ የቤተሰብ ጉዞ ማስታወሻ

ከዓመታት በፊት ነው፣ ሰኔ ላይ። የቬንቲሌተሩን አቧራ ልጠርግ ወንበር ላይ ወጣሁና ቁምሳጥኑ አናት ላይ የነበረውን ካርቶን በክርኔ ገፋሁት። ያለው ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሦስት የቁልፍ መያዣ። የጅብ ሥዕል ያለበት፣ እጀታው የተሰበረ ስኒ። የደረቀ ቅጠል። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ። ከሥር ደግሞ ከቁልቢ ያመጣነው ጧፍ አለ። ጧፉ በድሬዳዋ ሙቀት ቀልጦ የሆቴል ደረሰኝ፣ የመግቢያ ትኬትና ሁለት ፎቶ አንድ ላይ አጣብቋል።

ትንሹ ልጄ ድንጋዩን አነሳና «ይሄ ከየት ነው?» አለኝ። ባለቤቴን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። ከዳካታ ሸለቆ ይሁን፣ ከአዋሽ ይሁን፣ ከግቢያችን በር ላይ ይሁን ሁለታችንም አናውቅም።

ያ ካርቶን የስምንት ዓመት ጉዟችን ነበር። ሐረር፣ ባቢሌ፣ ቁልቢ፣ አዋሽ፣ አንዴም ጅቡቲ። ስንሄድ እንገዛለን፣ ስንመለስ እንከታለን። አንድ ቀን ግን ከፍተን አላየነውም። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። ድሬ ሙቀቱ ሲብስ አልጋ ግቢ አውጥተን ነው የምናድረው፤ ካምፒንግ ለኛ ልጆች ብርቅ አይደለም። ዕቃ ማስቀመጫ ግን የለንም።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። ከጉዞ የሚመጣ ነገር ወይ ይበላል፣ ወይ ይለበሳል፣ ወይ ይጻፋል፣ ወይ ስልክ ውስጥ ይገባል። ከነዚህ አንዱን የማይሆን እዚያው ይቀራል። አንዲት ትንሽ ልዩነት ብቻ ፈቅደናል፤ እሷን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እንዴት እንደምንሠራው እንደየተራው ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ አሮጌውን ካርቶን ጨርሱት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ብቻችሁን ግን እንዳትሠሩት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ በድብቅ ጥሎ መገላገል እንደሚያምር አውቃለሁ። እኔ አንዴ የትልቋን ልጄን የተሰነጠቀ ዛጎል እንዲሁ ጣልኩ። ከጅቡቲ ያመጣችው ነበር። ይኸው እስካሁን እንግዳ ፊት ሳይቀር ታነሳብኛለች።

ሰሌን አንጥፉና ካርቶኑን ገልብጡት። አንዱን ዕቃ ወደ ላይ አንሱና «ይሄ ምንድን ነው?» በሉ። ከቤተሰቡ አንዱ ሳያስብ ወሬውን ከጀመረ፣ ያ ዕቃ ማስታወሻ ነው። ወሬውን እንደተነገረ ጻፉት። ዕቃውን ነጭ ነጠላ ላይ አድርጋችሁ መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሱት። ፍላሽ አያስፈልግም፤ የጠዋት ብርሃን ይበልጠዋል። ከዚያ ባለቤቱ ይወስን፤ ያስቀምጠው ወይም ይልቀቀው። ብዙ ጊዜ ይለቁታል። ወሬው ተጽፎ ፎቶው ከተነሳ ልጆች ለዕቃው ያን ያህል አይጨነቁም።

ሁሉም ዝም ካለ ዕቃው ይሂድ። የኛ ድንጋይ አሁን የግቢውን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ይደግፋል። ሥራ አገኘ።

ስለ ደረሰኝና ትኬት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ለስላሳና የሚያንሸራትት ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ በቀለም የታተመ አይደለም። ማሽኑ ወረቀቱን በሙቀት እየነካ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። ድሬ ውስጥ አንድ በጋ ሳይሞላው ባዶ ወረቀት ሆኖ ታገኙታላችሁ። በተሰጣችሁ ቀን ፎቶ አንስታችሁ ወረቀቱን ጣሉት።

ደብተሩ

ለቤተሰቡ አንድ ደብተር ይብቃችሁ። ለየልጁ አይደለም፤ አራት ደብተር ራሱ ካርቶን ይሆናል። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ የትምህርት ቤት ደብተር ግማሽ የሚያክል ይሁን። ለአንድ ጉዞ ሁለት ገጽ ብቻ ስጡ። ግራው ጽሑፍ፣ ቀኙ ሥዕል። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አደራችሁም፣ ለግማሽ ቀን ሐረር ደርሳችሁ ተመለሳችሁም ሁለት ገጽ ነው። ቦታ ሲያጥር ሰው የሚጽፈውን ይመርጣል።

ዋናው ሰዓቱ ነው። ቤት ገብተን እንጽፋለን ካላችሁ አለቀ። ሻንጣ ማራገፍ አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ ሰኞ አለ። እኛ ከሐረር ስንመለስ ሐረማያ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ደብተሩ የሚወጣው እዚያ ነው። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ተጀምሮ ሙቀቱ ሲቀበለን ልጆቹ ይተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አይወጣቸውም። ድንኳን ካደራችሁ ደግሞ ማታ፣ እሳቱ ሳይጠፋ።

«እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «አሪፍ ነበር» ነው፣ ያ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። እኛ አምስት ጥያቄ አለን፦

ምን ሸተታችሁ?

ማን ምን አለ? (ቃል በቃል።)

ምን ተበላሸ?

ምን በላን፣ ስንት ከፈልን?

ዛሬ ያወቅነው አንድ ነገር ምንድን ነው?

የዋጋው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ ሁሉም የሚሻማው እሱን ለማንበብ ነው። «ለአራት ሰው ምሳ በዚህ ብር?» እያሉ ይስቃሉ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላሉ። «ምን ተበላሸ?» የሚለውንም አትዝለሉ። ጎማ የፈነዳበት፣ ድንኳኑ በሌሊት የወደቀበት፣ ጨው የተረሳበት ጉዞ ነው ሲወራ የሚኖረው።

አንድ ገጽ ላሳያችሁ። ሐረር ላይ፣ ማታ ከአሮጌው ከተማ ከጀጎል ግንብ ውጭ አንድ ሰው ጅብ ሲያበላ ካየን በኋላ የተጻፈ ነው። ሰውየው ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ አድርጎ እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል፤ ጅቡ መጥቶ ከፊቱ ይወስዳል። «ዛሬ ያወቅነው» በሚለው ሥር ትልቋ እንዲህ ጽፋለች፦ «የጀጎልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። 16ኛው ክፍለ ዘመን ላይ። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2006 ነው፣ በፈረንጅ።» ከሥሯ ትንሹ፦ «ጅቡ አፉ ይሸታል። ግን እኔን ወዶኛል።» እሱ ያኔ መጻፍ አይችልም ነበር፤ እኔ ነኝ የጻፍኩለት። ያለውን እንዳለ ነው የጻፍኩት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። የልጅ አነጋገር አታርሙ።

ቀኙ ገጽ ላይ የፈለጉትን ይሳሉ። ቅጠል ካገኙ ከወረቀቱ ሥር አድርገው በእርሳስ ጎን ቀስ እያሉ ይሹት፤ ደም ሥሩ ሳይቀር ይወጣል። ቅጠሉ እዚያው ይቀራል። ሳንቲም፣ የሳንዳል ሶል፣ የድንኳን ጨርቅም እንዲሁ ይሠራል። የጥንት ሥዕል ያለበት ድንጋይ ላይ ግን በፍጹም አይሞከርም። ድሬ አካባቢ ለገ ኦዳን የመሰሉ ዋሻዎች አሉን። እዚያ ማየት እንጂ እጅ ማሳረፍ የለም፤ ወረቀትም፣ ውኃም፣ ጣትም አይነካውም።

ስልኩ

ፎቶ ሁሉም ያነሳል። ድምፅ የሚቀዳ ግን ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከፎቶው ይልቅ ድምፁ ይበልጥብኛል። ድሬ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ይቆማል፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮው ጣቢያ ለዓመታት ጸጥ ብሎ ኖሯል። የአሮጌው ባቡር ፎቶ ያላቸው ዘመዶች ሞልተውኛል። ፉጨቱን የቀዳ ግን አንድም የለኝም።

አቀዳዱ ቀላል ነው። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ መሐል ላይ እንዳይጠራባችሁ። የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና መጀመሪያ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ፦ «ጥር 12፣ ሐረር፣ መኪና ግርግር» (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው)። ከዚያ ዝም። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል፣ አንድ ደቂቃ ከበዛ ነው። ነፋስ ካለ ጀርባችሁን ስጡትና ማይኩን በሻርፕ ከልሉት። ልጆቹን ዝም ለማሰኘት አትታገሉ። «እማዬ ሽንቴ መጣ» የሚል ድምፅ የገባበት ቅጂ አለን፤ ከሁሉም የሚወደደው እሱ ነው።

የምንቀዳው ምንድን ነው? ሌሊት የጅብ ጩኸት። ጎህ ሳይቀድ አዛን። የቁልቢ እልልታ። ድንኳን ላይ የሚወርድ ዝናብ። ቡና ሲወቀጥ።

ፎቶውን አሳጥሩት። ከአንድ ጉዞ አሥር ፎቶ ይቅር፤ ሌላው በዚያው ሳምንት ይጥፋ። የምትመርጡት ያማረውን አይደለም፣ ነገር ያለበትን ነው። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ጥርሱን ያሳየበት አንድ በቂ ነው። እጅ የሚታይበት፣ የተቃጠለ ድስት የሚታይበት፣ ከኋላ የተነሳ ይበልጣል። ከአሥሩ አንዱን በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙ። ጀርባው ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ ቢክ ይጫነዋል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። እኛ አንድ ክፈፍ ብቻ አለን። አዲስ ፎቶ ሲመጣ አሮጌው እዚያው ክፈፍ ውስጥ ከኋላው ይገባል።

ሐረር ለምትመላለሱ አንድ ጨዋታ ልጨምር። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በየዓመቱ በአንዱ በር ልጆቹን በተመሳሳይ አቋም አንሷቸው። ቁመት በቁመት፣ ትልቋ በቀኝ፣ ትንሹ በግራ። አምስት ዓመት ሲሞላ ዙሩ ይገጥማል፣ ስድስተኛው ዓመት ላይ ወደ መጀመሪያው በር ትመለሳላችሁ። የልጅ ማደግ ከበር ጎን ሲቆም ነው የሚታየው። እኛ ገና ሦስተኛው ላይ ነን።

አሁን ወደ ማስቀመጫው። ይሄን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። አንድ ዓመት ከቁልቢ መልስ የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀ። አንድ ጥገና ቤት ሰጠሁት። ልጁ መስታወቱን ቀየረልኝ፣ ሳልጠይቀው ደግሞ «ከብዶት ነበር፣ አቀለልኩልሽ» ብሎ ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ መለሰልኝ። የአራት ቀን የድንኳን ፎቶ ሄደ። ልቆጣው ፈለግሁ፣ ግን ሌላ ቦታ ያላስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በቴሌግራም ዝግ ቻናል ክፈቱ። አባላቱ የቤት ሰው ብቻ ይሁኑ። አሥሩን ፎቶና የተቀዳውን ድምፅ እዚያ ላኩ። ፎቶውን ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፤ እንዲሁ ከላካችሁት ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ በኋላ ለማሳተም ይደበዝዛል። ከሥሩ #ቁልቢ2016 ብላችሁ ጻፉ፤ ነክታችሁ ስትፈልጉ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ባለቤታችሁን አስተዳዳሪ አድርጉ። የአንዱ ሲም ቢጠፋ ሌላው በሩን ይከፍታል። የደብተሩንም ገጽ አንስታችሁ ጨምሩበት።

ድሪቶው

አሁን ወደምወደው መጣን።

ልጆች የሚዳስሱት ነገር ይፈልጋሉ። ስልክና ደብተር ብቻ አይበቃቸውም፣ እውነት ለመናገር እኔንም አይበቃኝም። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያየዋል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል፣ ወለሉና ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ግን ክፍት ነው። የተሰቀለው ሁሉ ቦታ አለው። እንግዳ ሲመጣ ወርዶ ያገለግላል፣ ከዚያ ይመለሳል። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ፈለግሁ፤ የሚሠራ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚሰቀል።

ድሪቶ ታውቃላችሁ። የድሃ ልብስ፣ ጣፍ በጣፍ የሆነ። እኛ ከየጉዞው አንድ ቁራጭ ጨርቅ እያመጣን አንድ ምንጣፍ ላይ እንሰፋለን። ለሽርሽር የምናነጥፈው፣ ድንኳን ውስጥ የምንተኛበት እሱ ነው። እናቴ መጀመሪያ ስታየው «በሰው ፊት ድሪቶ ልታነጥፊ?» አለችኝ። ስሙ በዚያው ቀረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. መደቡን አዘጋጁ። ታጥቦና ተሰፍቶ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ60 የሚቀር አቡጀዲ ግዙ። የጨርቁ ስፋት ካልበቃ ሁለት ቁራጭ አጋጥማችሁ ስፉ። ከመስፋታችሁ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቡት። አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሰፍታችሁ ካጠባችሁት ድሪቶው ይኮማተራል። እኔ የመጀመሪያውን እንደዚያ አበላሽቼዋለሁ።

2. መስመር አስምሩ። በእርሳስና በረጅም ማስመሪያ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሥሩ። አሥር በስምንት፣ ሰማንያ ካሬ ይወጣል። በዓመት አራት ጊዜ ብትወጡ ለሃያ ዓመት ይበቃል። የልጅ ልጅ ቢጨርሰውም ግድ የለም።

3. ጨርቁን ከጉዞው ውሰዱ። አዲስ አትግዙ። ዋናው ነገር ጨርቁ እዚያ የነበረ መሆኑ ነው። የተቀደደ ሱሪ፣ ቀለም የለቀቀ ቲሸርት፣ የድንኳን ከረጢት፣ ያረጀ ሽርጥ። የባለቤቴ ሽርጥ ከአዋሽ ሌሊት ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ በስቶታል። ቀዳዳው መሐል ላይ እንዲውል አድርጌ ቆረጥኩት። ሸራና ጂንስ ይቻላል፣ ግን ወፍራም መርፌ ይፈልጋሉ። የሚለጠጥ ጨርቅ አስቸጋሪ ነው፤ ከኋላው ስስ ጨርቅ ደርቡበት።

4. 22 በ22 አድርጋችሁ ቁረጡ። በአራቱም ጎን አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፉና በካውያ ተጫኑት። ልክ 20 በ20 ይሆናል።

5. ሳይሰፋ ጻፉበት። ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፣ ከዚያ በወፍራም ክር ተከተሉት። መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አውጥታችሁ ግማሹን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ፤ ፊደሉ አይቆራረጥም። ልጁ የሳለው ሥዕል ካለ በሱ ላይ ተከተሉ። «ባቢሌ 2015» የሚለውን የሰፋችው ትልቋ ናት። «ቢ» ወደ ላይ ተንጋዳለች። አልፈታሁትም።

6. ካሬው ላይ አድርጋችሁ በስፒል ያዙትና ጠርዙን ዙሪያውን ቀምቅሙት። በእጅ አንድ ማታ ይፈጃል። በስፌት መኪና አምስት ደቂቃም አይሞላ።

የመኪናውን ነገር ስናገር ሐረር ይሻላችኋል። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ቁማችሁ እየጠበቃችሁ ይሰፉላችኋል። ከዳካታ ስንመለስ የትንሹን ልጄን ሱሪ ይዤ ሄድኩ። ዳካታ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሟል፣ ልክ ሰው የደረደረው ይመስላል። ልጁ ሊወጣ ብሎ ተንሸራቶ ጉልበቱን ቀደደው። ሽማግሌው ሰፊ ሱሪውን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሱሪ እኮ ሞቷል።»

«ጋሼ፣ ሱሪውን አይደለም። ጉልበቱን ነው የምፈልገው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ድሪቶውን ስዘረጋላቸው ሳቁ። ከመሳቢያ ስስ የሳሙና ስባሪ አወጡና አራት መስመር አሠመሩ። ቀደዳውን እንዳይዘጉት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ጠርዙ እንዳይተረተር ዙሪያውን አንድ ጊዜ ሄዱበት፤ ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ወጣ ገባ ሲል ትንሹ ቁጭ ብሎ ያያል። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። ጎኑ ያለውን «አዋሽ» እያነበቡ «እዚያም ሄዳችሁ?» አሉት። የልጄ ምላስ ተፈታ፣ እስኪበቃቸው አወራላቸው። ድምፁን ቀድቼዋለሁ፤ ከኋላው መኪናው ይሰማል።

ልታዩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ድሪቶው የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ብቻውን ነው። ሽርጡ ቀለም ይለቃል። የምታሰጡት ደግሞ ጥላ ላይ ነው። የድሬ ፀሐይ በሦስት ጊዜ ያነጣዋል። ሌላ ጊዜ ሁለት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ግድግዳ ላይ ይውላል። አሁን አሥራ አንድ ካሬ ሞልቷል። ባዶው ይበዛል፣ እንግዳም «ይሄ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

የሚበላና የሚጠጣ

ይሄ አጭር ነው። ለጎረቤትና ለዘመድ ስጦታ ስትገዙ የሚያልቅ ነገር ግዙ። ከባቢሌ ለውዝ፣ ከሐረር ቡና። ቡናውን ጥሬውን ውሰዱ፤ የተቆላ ሽታው ቶሎ ይሄዳል፣ ጥሬው ግን ወራት ይቆያል፤ በቆላችሁት ቁጥርም ጉዞው ይወራል። ግማሽ ኪሎ እንኳ ቢሆን «ይሄ የዚያን ቀኑ ነው» ብላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ከዚህ የሚበልጠው ግን አሠራር ይዞ መመለስ ነው። በየጉዞው አንድ ምግብ ወይም መጠጥ ጠይቁና ደብተሩ ላይ ጻፉ። እኛ ቁጢን እንዲህ ነው ያገኘነው። የደረቀ የቡና ቅጠል ምጣድ ላይ ትንሽ ይታመሳል፣ ይፈረፈራል፣ ውኃ ውስጥ ይፈላል፣ ወተት ይገባበታል። ጨው ወይስ ስኳር የሚለው እንደየቤቱ ነው። ያስተማረችን ሴት ጨው ናት፣ እናቴ ስኳር ናት። ሐሙስ ማታ ቁጢ ሲፈላ ትንሹ «ዛሬ ሐረር ነን» ይላል።

መልበስም እዚሁ ይግባ። የጉዞ ልብስ መግዛት ካማራችሁ የምትለብሱትን ግዙ፤ ሽርጥ፣ ሻርፕ። ሲያረጅ ድሪቶ ላይ ይገባል።

ሙዳይዋ

ልዩነት ፈቅደናል ያልኳችሁ እሷ ናት። ከሐረር የገዛናት ክዳን ያላት ስፌት ሙዳይ አለችን፣ ሁለት እጅ ውስጥ የምትገባ። ቤት ውስጥ ከጉዞ የመጣ ዕቃ የሚቀመጥባት ብቸኛ ቦታ እሷ ናት። ለየልጁ በየጉዞው አንድ ነገር ይፈቀዳል፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ። ዶቃ፣ ቁልፍ፣ የአውቶቡስ ትኬት የተጠቀለለ።

ክዳኗ ካልገጠመ አንድ ነገር ይወጣል። የሚወጣውን የሚመርጡት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ አልገባም። ባለፈው ወር ሩብ ሰዓት ተከራክረው አንድ የብርቱካን ፍሬ አስወጡ። ግቢ ውስጥ ተከሉት። አልበቀለም እስካሁን።

ድንጋይ፣ የአጥንት ስባሪ፣ ሸክላ ከሜዳ አንስቶ ማምጣት ግን በፍጹም የለም፣ አውራ ጣት ቢያክልም። ከፓርክ ምንም አይወሰድም፤ ቅርስ ካለበት ቦታ ደግሞ ትንሽ ስባሪ እንኳ የአገር ናት። ልጁ አንድ ድንጋይ ካልወሰድኩ ብሎ ካለቀሰ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ራሱ ያነሳበት ቦታ ይመልሰው። መመለሱንም ደብተሩ ላይ ጻፉለት።

ለቀጣዩ ጉዞ አንድ ትንሽ ከረጢት በር ላይ ስቀሉ። ደብተሩ፣ ሁለት እርሳስ፣ መርፌና ጥቁር ክር ድውር፣ መቀስ፣ ለጨርቁ አንድ ፌስታል። ለብቻዋ ከተዘጋጀች አትረሳም፤ በዚያ ጠዋት ጥድፊያ ማንም እርሳስ አይፈልግም።

የኛ ከረጢት ከኅዳር ጀምሮ ተሰቅሏል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነን፣ ድንኳኑም ብርድ ልብሱም ወጥቷል። ጧፉን ዘንድሮ እዚያው አብርተን ነው የምንመለሰው።